የቤቨርሊ ምርጫና የአንቶኒ ትሮሎፕ ልብ ወለድ

ደራሲ በራሱ ላይ ከደረሰ ነገር ተነሥቶ ልብ ወለድ ሲጽፍ መጽሐፉ በሁለት ሚዛን መመዘን አለበት። አንደኛው ሚዛን፥ የተጻፈው ነገር ከሆነው ነገር ጋራ ይስማማልን የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ከመዝገብና ከፍርድ ቤት ወረቀት የማናገኘውን ምን ነገር አስገኘልን የሚል ነው። በእነዚህ ሚዛኖች ልንመዝነው ያሰብነው እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ በ1871 ያሳተመውን «ወራሹ ራልፍ» የተባለውን መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) መጽሐፉ ስለ ርስትና ስለ ጋብቻ የሚናገር ረዥም ታሪክ ቢሆንም፥ በመካከሉ ፐርሲክሮስ ስለምትባል ከተማ የእንደራሴ ምርጫ የሚተርኩ ምዕራፎች አሉበት። ፐርሲክሮስ በካርታ ላይ አትገኝም፤ ደራሲው በሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው ግን ፐርሲክሮስና ቤቨርሊ አንድ ናቸው። ስለዚህ አስቀድመን የቤቨርሊን ነገር ማስረዳት ይገባናል።

ቤቨርሊ በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኝ፥ በታላቁ ቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች አሮጌ የገበያ ከተማ ናት። በ1295 በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን ወደ ፓርላማ መልእክተኞች ልካ ነበር፤ ኋላም ከ1563 እስከ 1870 ድረስ ሁለት ሁለት እንደራሴዎችን ትመርጥ ነበር። ቀድሞ የመምረጥ መብት የነበራቸው «ነጻ ሰዎች» የሚባሉት የከተማዋ ባለመብቶች ናቸው። እነዚህም ሰዎች በከተማዋ ዳር ባለው የጋራ መስክ ከብት ለማሰማራት ይችሉ ነበር እንጂ ብዙዎቹ ባለጠጎች አልነበሩም። በ1832 የወጣው የማሻሻያ ሕግ ሌሎች መራጮችን ሲጨምር የእነርሱን መብት አልሻረም፤ በ1867 የወጣው ሕግ ደግሞ በከተማ ቤት ይዘው ለሚኖሩ ብዙ ሠራተኞች መብቱን አሰፋላቸው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ዋና ነገር ግን የድምፁ አሰጣጥ ነው። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አልነበረም። መራጩ በአደባባይ ቀርቦ የሚመርጠውን ሰው ስም ይናገራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል፤ መዝገቡም ብዙ ጊዜ ታትሞ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ገንዘብ የከፈለ ሰው ገንዘቡ ምን እንደ ሠራለት ወዲያው ያውቃል፤ የቤቱ ጌታና አሠሪውም እንደዚሁ ያውቃሉ። ከአንዱ ወገን ተቀብሎ ለሌላው ድምፁን የሰጠ ሰው ወጭት ሰባሪ ሆኖ ይታያል። መማለጃ መቀበል ነውር መሆኑ ቀርቶ፥ ተቀብሎ መካድ ነውር ይሆናል ማለት ነው። ቤቨርሊን ያበላሻት ይህ የተገለበጠ የታማኝነት ሥርዓት ነው።

ከተማዋ በክስ የታወቀች ነበረች። በ1857 የተመረጠው ኤድዋርድ ግሎቨር ለእንደራሴነት የሚያስፈልገው ሀብት ሳይኖረው አለኝ ብሎ በማረጋገጡ ምርጫው ተሰረዘ፤ በሚከተለውም ዓመት ተፈርዶበት ታሰረ። በእርሱ ስፍራ የተመረጠው የኮንሰርቫቲቭ ወገን የሆነው ሰር ሄንሪ ኤድዋርድስ ሲሆን፥ እስከ 1869 ድረስ ወንበሩን ሳይለቅ ቈየ።

ትሮሎፕ ወደ ቤቨርሊ የመጣው በ1868 ነው። ያን ጊዜ የ53 ዓመት ሰው ነበር። በፖስታ መሥሪያ ቤት 33 ዓመት ያህል አገልግሎ በ1867 ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ፤ ለተማረ እንግሊዛዊ በፓርላማ ከመቀመጥ የሚበልጥ ክብር የለም ብሎ ያምን ስለ ነበር፥ የሊበራል ወገን ተወዳዳሪ ሆኖ ቀረበ። በሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፥ የከተማዋን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ገና በመጀመሪያው ዕጣውን ነገረው፤ ይኸውም ገንዘብህን ታጠፋለህ፥ ምርጫውንም ትሸነፋለህ፥ ከዚያ በኋላ ክስ ይነሣል፥ አጣሪ ኮሚሲዮን ይመጣል፥ ከተማዋም መብቷን ታጣለች፥ ለጀማሪ ይህ ትልቅ ሥራ ነው የሚል ነበር። ነገሩ ሁሉ እንደ ተነገረው ሆነ። ኤድዋርድስ 1132፥ ጓደኛው ኬናርድ 986፥ ሊበራሉ ማክስዌል 895 ድምፅ ሲያገኙ ትሮሎፕ በ740 ድምፅ የመጨረሻው ሆነ። 400 ፓውንድም ወጪ ሆነበት።

በዚያው ዓመት በወጣ አዲስ ሕግ መሠረት የምርጫ ክርክር ከፓርላማ ኮሚቴ ወደ ዳኛ ተላልፎ ስለ ነበር፥ ዳኛው ባሮን ማርቲን በ1869 ነገሩን መርምሮ ምርጫውን ሰረዘ። በምርመራው የተገለጠው ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። ገንዘቡ የተከፋፈለው በእንደራሴው ምርጫ ቀን ሳይሆን፥ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በተደረገው በከተማው ምክር ቤት ምርጫ ላይ ነበር። ዳኛው ግን በአንዱ ምርጫ የተከፈለው ለሌላው ምርጫ መሆኑን አስተውሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሲዮን ተቀመጠ፤ በ1870ም ፓርላማው ቤቨርሊን ብሪጅዎተር ከተባለችው ከተማ ጋራ እንደራሴ የመላክ መብቷን ነጠቃት።

እንግዲህ ወደ ልብ ወለዱ እንመለስ። በፐርሲክሮስ አራት ሰዎች ይወዳደራሉ። ከኮንሰርቫቲቮቹ አንዱ ግሪፈንቦተም የተባለ፥ በከተማዋ ብዙ ገንዘብ የረጨ አሮጌ እንደራሴ ነው፤ ሁለተኛው ሰር ቶማስ አንደርውድ የተባለ፥ መጽሐፍ እጽፋለሁ እያለ ዘመኑን ያሳለፈ ሕግ ዐዋቂ ነው። ከወዲያኛው ወገን ሊበራሉ ዌስትማኮትና የጫማ ሠሪ ልጅ የሆነው ኦንታርዮ ሞግስ አሉ። ሰር ቶማስ ንጹሕ ምርጫ እፈልጋለሁ ሲል የገዛ ወገኖቹ ይከፉበታል፤ የወገኑ ወኪል ትሪገርም የዚህን ንጽሕና ወሬ መስማት ይሰለቸዋል። ሰር ቶማስ ያሸንፋል፤ ነገር ግን በክስ ምክንያት ከግሪፈንቦተም ጋራ ወንበሩን ያጣል።

በመጀመሪያው ሚዛን ስንመዝነው መጽሐፉ ከሆነው ነገር ጋራ በጣም ይስማማል። ይሁን እንጂ ደራሲው የደረሰበትን ነገር እንዳለ አልገለበጠም። ሌላ ተሸናፊ ቢሆን ራሱን ንጹሕ፥ ባላንጣውን ርኩስ አድርጎ ይጽፍ ነበር። ትሮሎፕ ግን ራሱን ለሁለት ከፈለ፤ የቅስቀሳውን ምሬትና የሽማግሌ ድካሙን ለአሸናፊው ለሰር ቶማስ ሰጠ፤ ሽንፈቱን ደግሞ ለሞግስ ሰጠ። በባላንጣው ወገን ያለ ሰውም ሊያፍር እንደሚችል አሳየ። እኛ ከመጽሐፉ ሁሉ የምናደንቀው ይህን ፍርድ ነው። ዲክንስ ከእርሱ በፊት በ1836 መታተም በጀመረው የፒክዊክ ታሪክ ውስጥ የኢታንስዊልን ምርጫ ጽፎ አንባቢውን አስቆታል። በዲክንስ ሣቅ ውስጥ ግን ማንም አይጐዳም፤ በትሮሎፕ መጽሐፍ ሰው ክብሩን ሲያጣ እናያለን።

ደራሲው በኋላ ይህን መጽሐፍ ከደካማዎቹ መጻሕፍቱ ቈጥሮታል፤ ስለ ፐርሲክሮስ ምርጫ የሚናገረውን ክፍል ግን ደኅና ነው ብሏል፥ ሞግስንም ወዶታል። ስለ ራልፍ ርስትና ፍቅር በሚናገረው ክፍል ፍርዱን እንቀበላለን፤ ስለ ፐርሲክሮስ በሚናገሩት ምዕራፎችም እንስማማለን። የአጣሪው ኮሚሲዮን መዝገብ ማን ለማን እንደ ከፈለ ይነግረናል፤ ከፋዩ ራሱን ምን ብሎ እንደሚያጽናና የሚነግረን ግን ልብ ወለዱ ነው።

ጉድለቱን መሸፈን ደግሞ አይገባንም። ትሮሎፕ መራጩን የሚያየው ከደጅ ቆሞ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ሲለምኑ አብረን እንዞራለን፤ በሩ ሲዘጋ ግን ከውስጥ አንቀርም። ጥቂት ሽልንግ የተቀበለው ሠራተኛ ከሚስቱ ጋራ ምን እንደ ተነጋገረ፥ ባይቀበል ኖሮ ሥራውን ወይም ቤቱን ያጣ እንደ ሆነ አንሰማም። ስለዚህ የድኻው ጥፋት በግልጥ ሲታይ ችግሩ ተሰውሮ ይቀራል። በቤቨርሊ የተሰጠው ፍርድም ይህንኑ ይመስላል። መብቱ ከከተማዋ ሲነጠቅ፥ የተቀበለውም ያልተቀበለውም መራጭ አብሮ ተቀጥቷል፤ ከፋዮቹ ግን ሌላ ከተማ ሊፈልጉ ይችሉ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ትሮሎፕ የምስጢር ድምፅን የሚጠላ ሰው መሆኑ ነው። ለታላቅ ሕዝብ ተደብቆ መምረጥ አይገባውም፤ መድኀኒቱ የራስን ነጻነት የማክበር ስሜት ነው ይል ነበር። ሐሳቡ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን የገዛ መጽሐፉ ይመሰክርበታል። በፐርሲክሮስ ነጻ ስሜት ያለው ሰው ሞግስ ነበር፤ እርሱም ተሸነፈ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1872 የምስጢር ድምፅን በሕግ ወሰነ። ይህም ብቻውን ስላልበቃ በ1883 የምርጫን ወጪ የሚገድብና መማለጃን የሚቀጣ ጠንካራ ሕግ አወጣ። ምስጢሩ ብቻውን አይበቃም በማለት በኩል ትሮሎፕ ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ አያስፈልግም በማለቱ ግን መጽሐፉ ከደራሲው ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪም ሆነ ባለሥልጣን የርስቱን ታሪክ በትዕግሥት አልፎ በፐርሲክሮስ ምዕራፎች እንዲዘገይ እንመክራለን። መልካም ሐሳብ ያለው ተወዳዳሪ በክፉ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ሥርዓቱ እንደሚያሸንፈው ያስተምሩታልና። የቤቨርሊ ሰዎች ከሌላው ሰው የከፉ ሆነው አልተፈጠሩም፤ ድምፃቸውን የሚገዛ ሰው የገዛውን የሚያይበት መስኮት ስለ ተከፈተለት ነው። መስኮቱን የሚዘጋው ሕግ ነው፤ መስኮቱ እንዲዘጋ የሚያስገድደውን ኀፍረት የሚቀሰቅስ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው።