ጭራቁን ሳይሆን ሕጉን

የሚያስፈራም የሚያጫውትም የምትሃት አጫጭር ልቦለዶች መድበል ስመርጥ ጭራቁ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ አላይም። የማየው ደራሲው ለምትሃቱ ሕግ ማውጣቱንና በሕጉ መጽናቱን ነው። ሁሉም ነገር በሚቻልበት ዓለም ለማንም አንሰጋም፤ ስጋት ከሌለ ደግሞ ጨዋታውም አይጥምም።

አሜሪካዊቷ ኬሊ ሊንክ «ማጂክ ፎር ቢጊነርስ» (2005) የተባለውን መድበሏን የምትከፍተው በአንዲት አሮጊት የእጅ ቦርሳ ታሪክ ነው። ቦርሳዋ ሦስት አከፋፈት አላት። በአንደኛው ሲከፍቷት ተራ ቦርሳ ናት። በሌላኛው አንድ መንደር ሙሉ ሰው ይኖርባታል፤ እዚያ ጥቂት ቆይቶ የወጣ ሰው ውጭ ዓመታት አልፈው ያገኛል። በሦስተኛው ግን ቆዳው ለቦርሳዋ የተገፈፈው ውሻ ያለ ቆዳው ዘብ ቆሟል። ተራኪዋ የልጅ ልጅ ናት፤ አያቷ በስክራብል ጨዋታ እንዴት ያጭበረብሩ እንደነበር በምታወራበት በዚያው ድምፅ ስለ ውሻውም ታወራለች። ድምፁ አለመለወጡን ልብ በሉ። ደካማ ደራሲ እዚህ ላይ ነጎድጓድ ያስገባል፣ መብራት ያጠፋል፣ «ዘግናኝ» የሚል ቃል ይደረድራል። ሊንክ የሰጠችን ሦስት አከፋፈትና አንድ ውሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቦርሳዋ በተነካች ቁጥር እጃችንን እንሰበስባለን።

የእንግሊዛዊቷ አንጄላ ካርተር «ዘ ብለዲ ቻምበር» (1979) ከበድ ይላል። በዚህ መድበል አንድ ታሪክ ላይ ካርተር ሚስቶቹን እየገደለ በአንድ ክፍል ስለሚያኖር ባለጸጋ የሚነገረውን የጥንት ተረት ወስዳ፣ መጨረሻ ላይ የሙሽራዋን እናት በፈረስ ታደርሳለች፤ እናትየዋም ሰውየውን በሽጉጥ ትገድለዋለች። እዚህ ቢያበቃ የተገለበጠ ተረት ብቻ በሆነ ነበር። ሰውየው ግን ደሙ የማይለቀውን የዚያን ክፍል ቁልፍ ቀድሞ በሙሽራዋ ግንባር ላይ ተጭኖታልና ምልክቱ ዕድሜ ልኳን አይጠፋም። ልጅቷ ተርፋለች፤ ዋጋውንም ከፍላለች። መጨረሻውን በመናገሬ አትቀየሙኝ፤ የዚህ ሥራ ጣዕም በመጨረሻው ላይ አልተንጠለጠለም።

መድበል ሲባል ደግሞ ታሪኮቹ እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ካርተር አውሬ ቤት ስለገባች ቆንጆ ልጅ የሚናገረውን ተረት ሁለት ጊዜ ጽፋ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች። በመጀመሪያው አውሬው ሰው ይሆናል። በሁለተኛው፣ አባቷ በካርታ ቁማር ያስበላት ልጅ በአውሬው ምላስ ቆዳዋ ተልጦ ጸጉር ታወጣለች። ሁለተኛውን ያነበበ ሰው የመጀመሪያውን ደስታ እንደገና መጠርጠሩ አይቀርም። እንዲህ ያለውን አቀማመጥ የማገኝበት መድበል ጥቂት ነው፤ ሳገኝ ሁለቱን ታሪኮች ደጋግሜ አነባለሁ።

ለጀማሪ ሊንክን አስቀድማለሁ። ካርተርን በአንድ ቁጭታ አትጨርሷት፤ በቀን አንድ ታሪክ ይበቃል። ቀዝቀዝ ያለ ትረካ የሚወድ የሱዛና ክላርክን «ዘ ሌዲስ ኦቭ ግሬስ አዲዩ» (2006) ይያዝ፤ እዚያ ጨዋ ወይዘሮዎች በጨዋ አንደበት ክፉ ነገር ይሠራሉ።