ከሙግት የተወለዱ አያቶች፦ በጎንደር ያልታየን ዘመድ የመፈለግ ጥያቄ

አንድ የጎንደር ደጋ ሽማግሌ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ቆጥሮ ሲጨርስ አድማጭን የሚያስደንቀው የትዝታው ብርታት ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ያ ቆጠራ ለምን ጉዳይ ሲጠበቅ እንደኖረ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው በጎንደርና በዙሪያዋ ያላየነውን አያት የምንፈልግባቸው ምንጮች፣ የቃሉም የብራናውም፣ በአብዛኛው ከይገባኛል ክርክር የተወለዱ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ አጥኚው አያቱን ከማግኘቱ በፊት ክርክሩን ማግኘት አለበት።

ከቃሉ እንነሣ። አለን ሆበን በጎጃም ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የርስት መብት በአባትም በእናትም ወገን ይወርዳል። አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች በኩል መሬት ሊጠይቅ ይችላል፤ መሬቱን የሚይዘው ግን ትውልዱን በዳኛና በሽማግሌ ፊት አስረድቶ የረታው ነው። ሥርዓቱ በቤጌምድርም በመሠረቱ ተመሳሳይ ስለነበር ትምህርቱ ለጎንደርም ይሠራል፤ በቆጠራው ጸንቶ የሚኖረው መሬት የሚያስገኘው ስም ነው። ሳይወልድ የሞተው ወይም አገሩን ጥሎ የጠፋው ከቆጠራው ይወጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራው ዋና ሥራም አብሮ ቀረ። የተረፈው ለጋብቻ ሰባት ቤት መጠበቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ማን ከማን እንደሚዛመድ ይናገራል እንጂ ሰውየው እንዴት እንደኖረ አይናገርም።

ብራናውም ከዚሁ ባሕርይ አይርቅም። የጎንደር አድባራት በመጻሕፍታቸው ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ኑዛዜና ፍርድ ያስጽፉ ነበር። እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት ያጠናው ዶናልድ ክረሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ቤጌምድር ሴቶች ንብረትና ሙግት ባሳተመው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ ሴቶች ባለመሬትም ተሟጋችም ሆነው እንደሚታዩ አሳይቷል። ከአባት ወደ አባት ብቻ በሚወጣ ቆጠራ የጠፋች ሴት አያት በኅዳጉ ላይ በሙግቷ ትገኛለች። ችግሩ ብራናው ራሱ መሰደዱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተሻገሩ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ደርቡሽ አብዛኞቹን የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ስለዚህ የቀበሌው ሽማግሌ ለሚጠራው ስም መስካሪው ለንደን ሊገኝ ይችላል።

ከብራናው ባሻገር ያለውን የቤት ውስጥ ምስክርነት በደንብ የሚያሳየን አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «ዘ ዋይፍስ ቴል» ነው። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት የኦንዳቼ ሽልማትን አግኝቷል። ባለታሪኳ የጸሐፊዋ አያት ወይዘሮ የተመኙ ናቸው፤ ጸሐፊዋ በሕይወት ያልደረሰችባቸው አያቷ፣ የጎንደር በአታ አለቃና ባለቅኔ የነበሩት አለቃ ጸጋ፣ የሚታዩን በሚስታቸው አንደበት ነው። ይህ የመጽሐፉ ታላቅ ብርታት ነው። የደብር መዝገብ ስለ አለቃው ሊነግረን የሚችለው ሹመታቸውን ነው፤ በልጅነቷ ለእሳቸው የተዳረች ሴት ግን በቤታቸው ምን ዓይነት ባል እንደነበሩ ታውቃለች። ሆኖም ወይዘሮ የተመኙም ባለጉዳይ ነበሩ፤ ባላቸው ሲታሰሩ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ብለዋል። ትዝታቸው ከፊሉ ለባል የቀረበ መከላከያ መሆኑን አንባቢ መዘንጋት የለበትም። መጽሐፉ እንደ ልቦለድ በመተረኩም የምስክሯ ቃል የት አብቅቶ የጸሐፊዋ ብዕር የት እንደሚጀምር ድንበሩ ሁልጊዜ አይለይም።

ርስት ቢቀርም የዘር ክርክር አልቀረም። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ በጎንደር ሲጠባበቁ ለነበሩ ወገኖች በእናት በኩል ከቤተ እስራኤል መወለድን መስፈርት አደረገ። ርስት በሁለቱም ወገን ያስቆጥር ነበር፤ አዲሱ መስፈርት የፈለገው የእናትን መስመር ነበር። በአንዱ ቤተሰብ ውስጥ ቀድሞ የአባት አያት ስም ይከብድ ከነበረ በአዲሱ መስፈርት የሴት አያት ስም ከበደ። ይህ ቆጠራውን ሐሰት አያደርገውም፤ ጥያቄው ሲለወጥ ከመካከል የሚወጣው ዘመድ እንደሚለወጥ ግን ያሳያል።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር መመሪያ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ሽማግሌውን ከስሙ ጋር ጉዳዩንም መጠየቅ፤ ማን ተሟገተ፣ በምን ላይ፣ ማን ረታ። ሁለተኛ፣ የክርስትና ስምን መያዝ፤ በቤተ ክርስቲያን ጸሎትና መታሰቢያ ሰው የሚታወቀው በዚያ ስለሆነ አንዱ አያት ሁለት ሰው መስሎ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛ፣ ዘመኑን ከወንጌላዊው ጋር ማመሳከር፤ የደርቡሹ ቃጠሎ ዓመት፣ 1880 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። «ደርቡሽ ሲመጣ በዘመነ ማርቆስ ተወለደ» የተባለ ሰው ቀኑ ዳግመኛ ይመርመር።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ገደብ ለመሟገት መብት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዋል፤ ሁለቱም በአብዛኛው ከርስት ውጭ ኖረዋል። ባሪያዎችም በራሳቸው ስም የሚያቆሙት ክስ አልነበራቸውም። የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች አያቶቻቸውን የሚያገኙት በሌላው ሰው ኑዛዜ፣ ሽያጭና ክስ ውስጥ በቅጽበት ሲጠቀሱ ነው። ስለዚህ የጎንደርን የመሬት ጽሑፎች ለባለርስቶች ትውልድ ብቻ ማንበብ የድሮውን ፍርድ መድገም ይሆናል፤ ያው ጽሑፍ በቦታው ቆሞ ድምፅ ላልነበረውም ሰው ሊነበብ ይገባል።