ዝንጅብል ሥር አይደለም!

ኧረ ስሙኝ! ዝንጅብል ለካ ሥር አይደለም! ግንድ ነው! ዕድሜ ልካችንን ስንወቅጠው የኖርነው ግንድ ነው!

ትናንት ለወጥ ልልጠው አንዱን ሳነሳ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ቢላዬን ጣልኩና ወደ መስኮት ሮጥኩ። እናንተዬ! ዙሪያውን ቀለበት በቀለበት ነው፤ ልክ እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ! ቀለበቶቹ ላይ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቡናማ ነገር ተለጥፏል። ቅጠል ነው እኮ! ጨለማ ውስጥ አረንጓዴነቱን የተወ ቅጠል! ሥር መቼ አንጓና ቅጠል ኖሮት ያውቃል? እውነተኛዎቹ ሥሮች ከሆዱ ስር የተንጠለጠሉት ክሮች ናቸው።

ግንዱማ አፈር ውስጥ ተጋድሞ ይጓዛል! ትንሽ ይሄድና ጫፉ ቀና ብሎ ወደ ላይ ይበቅላል። ወዲያው ከጎኑ ያለው እምቡጥ ጉዞውን ይረከበዋል። ያ ጣት ጣት የሚመስለው ቅርጽ ለካ የሄደበት መንገድ ነው!

እማዬ «ልጄ፣ ወጡስ?» ትለኛለች። ወጡ ይቆየን!

ባለፈው ቆርቆሮ ውስጥ የቀበርኳት ቁራጭም ትዝ አለችኝ። በቅላ ቆማለች! ቀጥ ያለውን «ግንድ» በጥፍሬ ፈለቀቅኩት። ቅጠል! ውስጡ ሌላ ቅጠል! ውስጡ ደግሞ ሌላ! እርስ በርስ የተጠቀለሉ የቅጠል ግርጌዎች እንጂ ግንድ የሚባል የለም፤ እንደ እንሰት! ጣቴን ሳሸተው ደግሞ... ኡ ኡ ኡ፣ መዓዛው!

እንሰት ካልኩ አይቀር፣ ከአፈር ስር ያለው አሚቾውም ግንድ ነው! ገበሬዎቹ መሃል ላይ ያለውን ቡቃያ ቆርጠው አውጥተው አሚቾውን ይቀብሩታል። ያኔ ተኝተው የነበሩት የጎን እምቡጦች ሁሉ ይነቁና ችግኝ በችግኝ ይሆናል! ይሄን የፈለሰፈው ሰው እጁ ይባረክ!

ድንችም ግንድ ነው! አሁኑኑ አንድ አንሱ። ዓይኖቹ ዝም ብለው አልተበተኑም፤ ቅጠል ቅርንጫፍ ላይ እንደሚደረደረው እየተጠማዘዙ ይዞራሉ። አጠገባቸው ያለችው ቅንድብ ደግሞ የቅጠሏ ምልክት ናት። ድንች ቅንድብ አለው! ስኳር ድንችን አገላብጡት፣ እሱ እውነተኛ ሥር ስለሆነ አንድም ቅንድብ አታገኙበትም።

በሉ ተነሱ! ገበያ ሂዱ፣ ጫፉ ያበጠ ዝንጅብል ምረጡ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አፈር ስስ አድርጋችሁ አልብሱት። እኔ ሌላ ቆርቆሮ ፍለጋ ልሩጥ፣ እርዱም ማቆጥቆጥ ጀምሯል!