ትሉና መምህሩ፤ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ስለ መተረክ

በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን፥ የማኅሌታዊው የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት፥ በአብያተ ክርስቲያናችን አንድ ታሪክ ይነገራል። ያሬድ በአክሱም በመምህሩ በአባ ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊት ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ መምህሩም ገረፈው፤ እርሱም ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ጫፍ ሊወጣ ሲሞክር፥ ሲወድቅ፥ ደግሞም ሲሞክር አየ። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ ብለው ይተርካሉ። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ ልደግመው ባላስፈለገ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሰማነው ሁሉ በሚገባ ያነበብነው አይደለምና፥ ዛሬ ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ አተራረኩ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ።

ምክንያት የሆነኝ ይህ ነው። በአንድ ዓመት በዚሁ በዓል በዋግ ደጋ፥ ከሰቆጣ ብዙ በማይርቅ ደብር አደርሁ። ሌሊት ማኅሌቱ ሲቆም ዕድሜው ወደ 9 ዓመት የሚሆን ልጅ ከእናቱ ጋራ ከሴቶቹ ወገን ቆሞ ነበር። ልጁ አይናገርም፤ ሲጠሩት አይዞርም፤ ዓይኑን ከሰው ዓይን ጋራ አያጋጥምም፤ ሰውነቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል። ዳሩ ግን ካህናቱ በመቋሚያ ሲዘምሙ እርሱም ከእነርሱ ጋራ ይወዛወዝ ነበርና ማንም ልብ አላለውም፤ በዚያ ሌሊት የማይወዛወዝ ማን ነበረ? ከቅዳሴ በኋላ ግን ስብከት ተጀመረ፤ ሕዝቡም ጸጥ አለ። ሰባኪው ትሉን ከዛፉ ጫፍ ሊያደርሰው ጥቂት ሲቀረው ልጁ ከፍ ያለ ድምፅ አሰማ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ አስተናባሪ እናቲቱን በእጁ ጠቀሳት፤ እርስዋም ልጁን ይዛ ከቅጽሩ ወጣች። የያሬድን ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሰማ ልጅ የያሬድ ታሪክ ሲነገር ወጣ።

አስተናባሪውን አልወቅሰውም፤ ሰባኪውም የሰበከው የተማረውን ነው። የምወቅሰው የአተራረኩን ልማድ ነው።

ልማዱ ታሪኩን ከትሉ ላይ አቁሞ ለልጆች ምክር ያደርገዋል፤ ምክሩም «ጣር፥ ድገም፥ ትል እንኳ ወጥቷል» የሚል ነው። ይህ ክፉ ምክር አይደለም፤ ሰነፍን ያተጋል። ነገር ግን የችግሩን ሸክም ሁሉ በተማሪው ጫንቃ ላይ አኑሮ መምህሩን፥ ቤቱንና ጉባኤውን ነጻ ያወጣል። እንዲህ ከተተረከ በኋላ በሰባተኛው ያልወጣ ልጅ ምን ይባላል? ሰነፍ ይባላል፤ ቀለም የማይዘው ይባላል፤ ከዚያም አልፎ ልክፍት አለበት ይባላል። እናቱም ስምንተኛውን፥ ዘጠነኛውን፥ ዐሥረኛውን ስትቈጥር ትኖራለች።

መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። በዚያ ቀን የሚነበበው ስንክሳር ነገሩን በአጭር ቃል ቢናገርም ቅደም ተከተሉ ግልጥ ነው። ያሬድ ትሉን አይቶ ተመለሰ፤ ይቅርታ ለመነ፤ መምህሩ ተቀበለው፤ ያሬድም እያለቀሰ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ አእምሮውም ተከፈተለት። አንባቢ ሆይ፥ መቀበሉ በየት ቦታ እንደ ተጻፈ ተመልከት። መምህሩ የተቀበለው ትምህርት የገባውን ያሬድን አይደለም፤ ሊቁ ያሬድ ገና አልነበረምና። የተቀበለው ያንኑ የገረፈውን፥ ያንኑ ዳዊት እንቢ ያለውን ልጅ ነው። መቀበሉ የዕውቀት ደመወዝ ሆኖ አልመጣም፤ ከዕውቀቱ በፊት መጣ። ሰባኪዎቻችን ይህችን አንዲት ቃል ዘለው ከትሉ በቀጥታ ወደ ተአምራቱ ይሻገራሉ፤ ታሪኩም በዚህ ይጐድላል።

በዚህ ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከብደኛል። ይቅርታ የለመነው የተገረፈው ልጅ ነው፤ የገረፈው መምህር መለመኑን አልሰማንም። ጸሓፊው የዘመኑን ሥርዐት ጻፈ እንጂ አለንጋውን አላመሰገነም፤ ይልቁንም ለሚመለከት ሰው አለንጋው በታሪኩ ውስጥ የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁን ወደ ምድረ በዳ አስኰበለለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያነበበ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። ዳዊት ያቃተው ልጅ፥ የማንም ዓይን የማያርፍበትን ትል ተቀምጦ ሲመለከት ቆየ። ዜማውን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገነት ከተላኩ ሦስት ወፎች ነው። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምርም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙም ፈሰሰ፤ እርሱ ግን ዜማው እስኪፈጸም አልታወቀውም። በመጨረሻም ከንጉሡ የፈለገውን እንዲለምን ቢፈቀድለት፥ ሹመት ሳይሆን የቤተ መንግሥቱን ሁካታ ትቶ መሄድን ለመነ፤ ከተከዜ ማዶ ወዳለው ወደ ስሜን ተራራም ሄደ። ይህን ስል ለቅዱሱ የሐኪም ስም ልሰጠው አይደለም፤ ከ1400 ዓመት በላይ ቆይቶ በገድል መጽሐፍ ሰውን መመርመር ከንቱ ድፍረት ነው። የምለው፥ የገድሉ ጸሓፊ እንደ ሌላው ያልሆነ ልጅን ጠባይ ሳያፍርበት ጽፎታል ነው። ገድሉን ራሱን ማንበብ ለሚወድ፥ ኢጣልያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ከላቲን ትርጕም ጋራ አሳትሞታል። ደግሞም በኦሪት ዘፀአት ሙሴ አንደበቴ ይከብዳል ቢል፥ እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን እንዲናገርለት ሰጠው እንጂ በቶሎ አንደበቱን አላቀለለለትም፤ ይህንም ሲሰበክ እምብዛም አንሰማም።

የዛሬ ሐኪሞች በዚያ ደብር እንዳየሁት ያለውን ልጅ ቢመረምሩት ምናልባት ኦቲዝም አለበት ይሉ ይሆናል። ስሙ ለዓለምም ቢሆን ብዙ የቆየ አይደለም፤ ሊዮ ካነር በአሜሪካ በ1943፥ ሃንስ አስፐርገር በቪየና በ1944 ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ጽፈው ነገሩ ታወቀ። አንጐል የሚያድግበት መንገድ ልዩ መሆኑ ነው እንጂ የወላጅ ጥፋት አይደለም። ፊደል የሚምታታበት ልጅ፥ ልቡ ቶሎ የሚበተንና አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅም የዚሁ ዘመድ ነው። በፈረንጅ አገር የነበሩት ሊቃውንት ራሳቸው ለብዙ ዓመት፥ ይህ የመጣው ከእናት ፍቅር መጕደል ነው እያሉ እናቶችን ሲከሱ ኖረው ኋላ ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ባላገሩ ብቻ ተሳሳተ የሚል አይኑር።

በእኛም ዘንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአዲስ አበባ ወደ ሕክምና የመጡ፥ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፥ ከ10 ሰዎች 4ቱ ያህል ምክንያቱ መንፈስ ነው አሉ፤ ከ4 አንድ የሚበልጡት ኀጢአት ነው አሉ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ማን በደለ ብለው እንደ ጠየቁ፥ ጌታም ሰውዬውንም ወላጆቹንም ነጻ እንዳወጣ ወንጌል አንብበን ይህን መስማታችን ያሳዝናል። ከጥናቱ ሁሉ የመሰጠኝ ግን ሌላ ነው። የጐደላችሁ ምንድን ነው ቢባሉ፥ ከገንዘብና ከመድኃኒት አስቀድመው ከ4ቱ 3ቱ ያህል ለልጃችን ትምህርት አሉ።

ወላጅ ልጁን ወደ ጠበል መውሰዱን የምነቅፍ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን አቡነ ጳውሎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሂዱ እንዳሉ፥ ለእነዚህም ልጆች ጠበሉ ትምህርትን አያስቀር። ድንገተኛ ነገር የሚያስጨንቀውን ሕፃን በሰው ግፊያ መካከል አስሮ ማስጮኽ ከጠበሉ የመጣ ሥርዐት አይደለም።

ስለ ትምህርት ከተነሣ፥ አባቶቻችን ያቆዩልን ጉባኤ ቤት ሳያስበው ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚስማማ ብዙ ነገር አለው። በዚያ ተማሪው ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ገጽ አይማርም፤ እያንዳንዱ በየደረጃው ለብቻው ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። ትንሽ ልጅና ጢም ያወጣ ጐልማሳ አንድ ፊደል ቢቈጥሩ የሚገርመው የለም፤ የቀደመው ኋለኛውን ያስቀጽላል። ቀኑ የታወቀ ሥርዐት አለው፤ ትምህርቱም በድምፅ፥ በመደጋገምና በሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ዜማው ራሱ በ16ኛው መቶ ዓመት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ምልክት ተደረገለት ይባላል፤ ከዚያ በፊት ከአፍ ወደ ጆሮ ይሄድ ነበር። ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራን ሆነው ወንበር መዘርጋታቸውም በሀገራችን የታወቀ ነው። ዓይን ለሌለው ልጅ የጆሮን መንገድ ያገኘ ቤት፥ ንግግር ለሌለው ልጅ መንገድ ስለምን አጣ? አልፈለገም ብል ብዙ ሰው ይቀየመኛል፤ ቢሆንም እላለሁ። ከዚያም ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ አለንጋውን ከጉባኤ ቤት አሻገርነው፤ ለየብቻ ማስተማሩን ግን በዚያው ትተነው መጣን።

መንገዱን የፈለገው ከቤተ ክህነት ውጭ ያለ ሰው ሆነ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በዚሁ ሥራ ቆዩ። አቡጊዳ ፎነቲክስ ብለው የሠሩት የንግግር ማለማመጃ የተመሠረተው በፊደላችን ድምፆች ላይ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ሕፃናት በዜማ የሚቈጥሩት ሀ ሁ፥ ለማይናገር ልጅ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሰቡት፥ ከመሪጌቶቻችን አንዱ ሳይሆኑ እኒህ እናት ናቸው። ይህን የምጽፈው እየቀናሁ ነው።

ነገር ግን ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የዋግ እናትም ልጅዋን ይዛ ያን መንገድ ሂጂ ብትባል የሚቻላት አይደለም። በዋግ ኽምራ ነገሩ ደግሞ የበለጠ ይረቅቃል። የብዙ ቤት አፍ ኽምጣና ነውና፥ ልጅ አማርኛ በሚነገርበት ክፍል ዝም ቢል ዝምታው ከቋንቋው ይሁን ከአፈጣጠሩ ለይቶ የሚያውቅ መምህር ያስፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠግቶ ነበር፤ ቀኑ እንደ ትናንቱ ካልሆነለት የሚጨነቅ ልጅ በመጠለያ እንዴት እንዳደረ አንባቢ ራሱ ያስበው። ደግሞም የሰቆጣ ስም በሀገሩ ሁሉ የሚጠራው በ2007 ዓ.ም. በተገባው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃሉም ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 እንዲቀር ነው። መልካም ቃል ነው። ቁመቱና ክብደቱ ሊለካ የመጣውን ሕፃን ስሙ ሲጠራ መዞሩን፥ በጣቱ መጠቈሙን እናቱን መጠየቅ ደግሞ ሌላ ሚዛን አያስፈልገውም።

አንዳንድ ካህን፥ ትሉን ከታሪኩ እናውጣ ነውን የምትለው ይለኝ ይሆናል። አይደለም፤ ትሉ ይኑር። የምለምነው የመምህሩም ነገር ከትሉ እኩል እንዲነገር ነው። መቀበል ሲባልም ራስን ነቅንቆ ማዘን አይደለም፤ ልጁ ከበሮው በሚሰማበት ቦታ እንዲቆም፥ ሲከብደው የሚወጣበት በር እንዲታወቅ፥ ድምፁን ሲያሰማ ሕዝቡ እንዳይዞር አስቀድሞ መንገር፥ በትምህርትም ጊዜ አንዱን ነገር በአንድ መምህር፥ በአንድ ሰዓት፥ በእጅ እያሳዩ ማስያዝ ነው። ግእዙ አይገባውም ለሚልም፥ በዚያ ሌሊት ከቆምነው ስንቶቻችን ገብቶን ነበር?

ወደ በዓሉ ልመለስ። ስብከቱ ሲፈጸም ወጥቼ እናቲቱን ከቅጽሩ ውጭ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ልጁን በኽምጣና ታባብለው ነበር፤ ለእኔ በአማርኛ መለሰችልኝ። ማኅሌቱን እንዴት እንዲያ ቆሞ ሊሰማ ቻለ ብዬ ብጠይቃት፥ «ጡት ሳይጥል ጀምሮ ከበሮ ሲሰማ ይረጋል፥ አባቴ» አለች። እኅቴ፥ ለከርሞ ትመጪያለሽን? አልኋት።

«ለማኅሌቱ እንመጣለን፤ ለስብከቱ እንወጣለን» አለችኝ።