ጠጋኙ ብቻውን አይከሰስም

የሮሪ ኬኔዲ «ዳውንፎል» በ2014 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። ነገሩ የእኛም ነው፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውን ቦይንግ 737 ማክስና አብረውት ያለቁትን 157 ሰዎች ይመለከታልና።

የቀደመው የኢንዶኔዥያው ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን ባሕር ገብቶ 189 ሰዎች አለቁ። ክንፉ አየሩን የሚቀዝፍበትን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ ፍሎሪዳ ተጠግኖ ሲመለስ ልኬቱ 21 ዲግሪ ተዛብቶ ነበር። ባሊ ላይ ሲገጠምም በአግባቡ ለመፈተኑ ማስረጃ አልተገኘም። ማክሰኝት ላይ ጎማ ያስለጠፈ የጎንደር ሾፌር እንኳ፣ ጎሚስታው ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ አለመውጣቱን ሳያሳየው ወደ ባሕር ዳር አይነዳም።

ታዲያ ጥፋቱን ለጠጋኙ ሰጥተን እንለፍ? የፊልሙ ብርታት ይህን ማምለጫ መዝጋቱ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት መለኪያ ነበረው፤ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት ግን አንዱን ብቻ ያምናል። አብራሪዎቹ ሥርዓቱ መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። የኛው አውሮፕላን ደግሞ ከተረከብነው ገና አራት ወሩ ነበር፤ የፍሎሪዳ ጥገና ሰበብ ሊሆንለት አይችልም። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ጉድለቱ ካልታረመ በአውሮፕላኖቹ ዘመን 15 ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አስልቶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ።

ከፊልሙ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ቦይንግ በ1989 ዓ.ም. ከማክዶኔል ዳግላስ እስኪዋሐድ ድረስ ለጥራት ብቻ የኖረ፣ ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያበላሸው አድርጎ ያቀርበዋል። እንግዲህ በዚያው «ደግ ዘመን»፣ በ1970 ዓ.ም.፣ የራሱ የቦይንግ ባለሙያዎች የአንድ የጃፓን አውሮፕላን የኋላ ግድግዳ በትክክል ሳይጠግኑት ቀሩ፤ ግድግዳው ሰባት ዓመት ችሎ በ1977 ዓ.ም. ሲፈነዳ 520 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ ግን ኩባንያው የጥገናውን ስህተት በወሩ አካባቢ አመነ። በ2011 ግን ጣት የተቀሰረው በሟቾቹ አብራሪዎች ላይ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሰው እጅ በየትኛውም ዘመን ይስታል። ስህተቱ በጊዜ ቢታመን ኖሮ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ያን ጠዋት ያንን አውሮፕላን ባላስነሣ ነበር። ፊልሙ ስለ ወርቃማ ዘመን ከሚተርክ ይልቅ በእነዚያ አራት ወራት ዝምታ ላይ የበለጠ ቢቆይ ክሱ ይበረታ ነበር። እንዲህም ሆኖ፣ ለሟቾቹ ስም የተሟገተ ሥራ ነውና ሊታይ ይገባዋል።