ብሬሻ 1937

«ይሄማ የዓድዋ ነው!» አሉኝ የሸዋ ሮቢቱ አባት፣ ጠመንጃውን ከተጠቀለለበት አሮጌ ነጠላ እያወጡ። የጣርማበርን ብርድ ጥሎ ወደዚያ ሙቀት የወረደ እንግዳ፣ ውኃ አጠጥተውት ዓድዋን ሲጠሩለት ክርክር አይጀምርም። ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

አጭር ነው። አፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በቆዳ ተጠፍሯል። ብረቱን በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት በላቲን ፊደል «ብሬሻ» የሚል ወጣ፤ ቀጥሎ 1937፤ ከጎኑ በሮማ ቁጥር አሥራ አምስት። ይህች አሥራ አምስት ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለው የፋሽስቶች አቆጣጠር ናት። ዓድዋ ደግሞ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር 1896 ነው። ካርካኖ የሚሉት የጣሊያን ጠመንጃ መሆኑ ነው፤ ጥይቱ 6.5 ሚሊሜትር። እንዲያውም ዓድዋ ላይ የባራቲየሪ ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን የቆየውን ነበር።

«አባቴ፣ ይሄ እንኳ የዓድዋ አይመስለኝም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የማን ነው ታዲያ?»

«ከዓድዋ 41 ዓመት በኋላ ነው የተሠራው። አባትዎ በጣሊያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«የት ይሆናሉ? ከራስ አበበ አረጋይ ጋር፣ በረሃ!»

እናላችሁ፣ አያት ወርደው አባት ወጡ። ይህ ውርደት ነው እንዴ? እኛ ግን ጠመንጃ የምንመዝንባቸው ሁለት ሚዛኖች ብቻ አሉን፤ አንዱ ይተኩሳል ወይ፣ ሌላው ያስፎክራል ወይ። ምን ተጽፎበታል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውጅግራ ስንል የፈረንሳዩን ፉዚ ግራን እየጠራን ነው፤ የ1874ቱን፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን። ስሙን ለአፋችን አመቻቸነውና ዓመቱን ጣልነው። አንድ ሙዚየም ውስጥ «ጥንታዊ ጠመንጃ» ከሚል ካርድ በስተቀር ምንም ያልተጻፈለት ብረት ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ጥንታዊ መሆኑንማ ዝገቱም ነግሮኛል።

ጥንት እንዲህ አልነበርንም። ይህ የይፋት ቆላ የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ አገር ነው። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በፋሬ በር ወደ አንኮበር የወጣው 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ነው። አውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት የጣለቻቸው ነበሩ። ሊዬዥና ፈረንሳይ ውስጥ በ7 እና በ8 ፍራንክ ተገዝተው ለሸዋው ንጉሥ በ40 ገደማ እንደሚሸጡ ራሱ ለቤተሰቦቹ ጽፏል። ምኒልክ ግን የሚሞኙ ሰው አልነበሩም። እንጦጦ ላይ ዋጋውን ቀነሱበት፣ የሞተውን ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ አሰቡበት፣ በመጨረሻም ሐረር ላይ የሚከፈል የ9 ሺህ ብር ወረቀት ሰጥተው ሸኙት። ማርያ ቴሬዛ ብር ማለቴ ነው። ብረት የሚያነብ ገዢ ሲያጋጥም እንዲህ ነው።

ዛሬ አንባቢው ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የፍሎሪዳ አስመጪ ከኢትዮጵያ የወጡ ካርካኖዎችን፣ ቬተርሊዎችን፣ የአንበሳ ማኅተም ያለባቸውን የቤልጅግ ማውዘሮች ሳይቀር ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ሲሸጥ ቆይቷል። እኛ እንደ ነውር የምናየውን የቆዳ ጥፍርና የሽቦ ጥገና እነሱ በአጉሊ መነጽር ያዩታል። የማን እጅ እንደጠፈረው ግን ከሣጥኑ ጋር አልተጫነላቸውም። እሱ የቀረው እዚህ ነው፤ ያውም በቃል፣ ያውም በሽማግሌ አፍ።

የሸዋ ሮቢቱ ቤት ጣጣም ይኸው ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ሲዘልቅ ትልቁ ልጅ «ጥይት የሌለው ዱላ ታቅፈን!» ብሎ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ይለወጥ ባይ ነው። የፈቃዱ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተያዘ ስለሆነ ለሕግ ሰው ልተወው። እኔን የጨነቀኝ ልጁ የሚለውጠውን ነገር ምንነት ሳያውቅ መሆኑ ነው። አባትየውም ቢሆኑ እስከዚያች ቀን አላወቁትም።

እርግጥ ነው፣ ማኅተም የት እና መቼ እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ማን እንደማረከው አይናገርም። ከነፃነት በኋላ በገበያ የተገዛም ሊሆን ይችላል። ይህንንም አልደበቅኋቸውም።

ትንሽ አሰቡና የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። «ደብተርሽን አምጪ። ጻፊ፤ ብሬሻ፣ 1937።»

ጻፈች። «እሺ አባባ፣ ከዚያስ? ተማረከ ልበል፣ ተገዛ?»

«ቆይ» አሉ ነጠላውን መልሰው እየጠቀለሉ። «እሱን ደብረ ሲና ያለችው እህቴ ሳታውቀው አትቀርም። ቦታውን ባዶ ተይው።»