ስለ ፋሲል ግቢ የመዝገብ ቃልና ስለ ማስረጃው

በጎንደር ከተማ የሚገኘው የፋሲል ግቢ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ምዝገባው 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበውን ግቢ ብቻ ሳይሆን ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የቁስቋምን ግንብ፣ የፋሲልን መዋኛና ከከተማው ውጭ ያሉትን እንደ ጉዛራ የመሰሉ ግንቦች ጭምር ያጠቃልላል። መዝገቡ ለእነዚህ ሕንፃዎች ያስገኘላቸውን ክብርና ጥበቃ የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ስለ ዘመናቸውና ስለ አሠራራቸው የሚሰጠው አጭር መግለጫ በማስረጃ ሲመዘን ጉድለት ይገኝበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉድለቱን ማመልከትና ታሪካዊ ሕንፃ እንዴት ተመርምሮ ሊመዘገብ እንደሚገባው አሳብ ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ የዘመኑን ነገር እንመልከት። መግለጫው ግቢው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ፋሲለደስና የተከታዮቻቸው መኖሪያ እንደ ነበረ ይናገራል። ዐፄ ፋሲለደስ ግን የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ነው፤ ጎንደርም የተቆረቆረችው በ1636 ገደማ እንደ ሆነ ይታወቃል። ስለዚህ 16ኛው ክፍለ ዘመን ለግቢው አይስማማውም። ምናልባት ይህ ዘመን የገባው በትውፊት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ስለሚሰጠው ስለ ጉዛራ ግንብ ይሆናል። እንዲህ ከሆነም ለብቻው ሊገለጽ ይገባው ነበር፤ የአንዱ ሕንፃ ዕድሜ ለሌላው አይዋስምና። በአንጻሩ በግቢው ውስጥ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ተብለው የሚጠሩት ሕንፃዎች የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ሲሆኑ፣ ይኸው ክፍለ ዘመን ከመግለጫው ተረስቷል።

ሁለተኛውና የሚከብደው ነገር የሠሪዎቹ ነው። መግለጫው የሕንድና የዐረብ ተጽዕኖ እንዳለ ከጠቀሰ በኋላ፣ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ወደ ጎንደር ባመጡት የባሮክ ስልት አሠራሩ እንደ ተለወጠ ይገልጣል። የዘመናቱ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይፈቅድም። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት በ1633 እና በ1634 ነው፤ ይኸውም ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) በጣና ዙሪያ መስፋፋቱ፣ በጎርጎራም ኢየሱሳውያን ያሠሩት ሕንፃ መኖሩ እውነት ነው። እንግዲህ ከእነርሱ ጋር የሠሩ ግንበኞች ሙያቸውን ይዘው ቀርተዋል ቢባል ያስኬዳል፤ ሚስዮናውያኑ ራሳቸው ስልቱን ወደ ጎንደር አመጡት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በፊተኛው አነጋገር ባለሙያው የአገሩ ግንበኛ ሲሆን፣ በኋለኛው ግን ከአገር የወጣው እንግዳ ይሆናል።

ከዚህም በላይ በዐይን ያየ ሰው ምስክርነት አለን። የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ በ1648 ጎንደር የደረሰው አል ሐይሚ የንጉሡን ቤት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ታላቅ ሕንፃ መሆኑን ገልጦ፣ ሠሪው ሕንዳዊ እንደ ሆነ ጽፏል። ይህ ጽሑፍ ግንቡ ቢዘገይ በ1648 ቆሞ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንደዚህ ያለው ማስረጃ በመግለጫው ቢገባ ከብዙ ግምት ያድን ነበር።

ሦስተኛው፣ የመሥራችን ስም ከሕንፃው ዕድሜ ጋር የማምታታት ልማድ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን በ1694 ተመረቀ ይባላል። አጥኚዎች ግን የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ እንደ ነበረና ዛሬ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከእርሱ በኋላ የተተካ እንደ ሆነ ያስረዳሉ። ደብሩ የዐፄ ኢያሱ ነው፤ ሕንፃው ግን የኋለኛ ዘመን ነው። ሁለቱም እውነቶች በመዝገብ ጎን ለጎን ካልተጻፉ፣ ተማሪው የጣሪያውን ሥዕል ሲያይ ያለ ዘመኑ ይፈርድበታል።

እነዚህ ነገሮች የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆነው የሚቀሩ አይደሉም፤ ጠጋኙ የሚመራው በመዝገብ ነውና። በ1930ዎቹ ዓመታት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶና በብረት አርማታ ተጠግነው ነበር፤ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ የአየር ድብደባ ጉዳት ደረሰባቸው፤ በ1970ዎቹ እንደ ገና በኖራ ታደሱ። እንግዲህ አንድ ግድግዳ የሦስት ዘመን እጅ ሊኖርበት ይችላል። የትኛው ድንጋይ በማን ዘመን እንደ ተቀመጠ ካልተመዘገበ፣ ከዛሬ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ጥንታዊውን አፍርሶ አዲሱን ሊያስቀር ይችላል።

አንዳንዶች መድኃኒቱ ትውፊትን ከመዝገብ ማስወጣት ነው ይሉ ይሆናል። ይህ ግን የሕዝብን ባህል ለሚያጠና ሰው የሚገባ አሳብ አይደለም። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ደብረ ብርሃንን የንብ መንጋ እንዳዳናት የሚነገረው ታሪክ፣ ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ያለውን ፍቅር የሚገልጥ ራሱ ቅርስ ነው። የፋሲል መዋኛም ለዐፄ ፋሲለደስ በብዙዎች ዘንድ፣ ለዐፄ ኢያሱም በአንዳንዶች ዘንድ ይሰጣል። ስሕተቱ ይህን መመዝገብ ሳይሆን፣ የተነገረውን እንደ ተለካ አድርጎ መጻፍ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሕንፃ ሦስት ክፍል ያለው መዝገብ ቢኖረው መልካም ነው። በመጀመሪያው በሕንፃው ላይ የታየው ይጻፍ፤ ይኸውም ልኩ፣ ንድፉ፣ ድንጋዩ፣ ኖራው፣ የግድግዳው መጋጠሚያና ጥገናው ከነዘመኑ ነው። በሁለተኛው በጽሑፍ የተገኘው ከጸሐፊውና ከተጻፈበት ዓመት ጋር ይስፈር። በሦስተኛው በቃል የተነገረው፣ ተናጋሪው ከማን እንደ ሰማው ጭምር ይመዝገብ። ሦስቱ ሲስማሙ ዘመኑ ይረጋገጣል፤ ሲለያዩም ልዩነቱ ሳይሸፋፈን ይጻፋል።

የቅርስ ምዝገባ በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ተደንግጓል። በቅርብ ዓመታትም በፋሲል ግቢ ሰፊ ጥገና ተካሂዷል። ሕንፃዎቹ ከታደሱ ዘንድ ስለ እነርሱ የተጻፈውም ቃል ሊታደስ ይገባዋል፤ ይህም ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ቋንቋና የአገሩን ድርሳን የሚያነቡ ተማሪዎች ሥራ ነው።